ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ዘመቻው ሲያበቃ ያላበቃው ሕመም

ፋኖስ ይዛ ሌሊት በቁስለኞች አልጋ መካከል የምታልፈውን ነርስ ሥዕል ሳያዩት አይቀሩም። ያቺ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። የዓለም የነርሶች ቀን በየዓመቱ ሜይ 12 ቀን የሚከበረው የእርሷ የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሚያሳየው ከ90 ዓመት ዕድሜዋ ውስጥ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላውን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ነርሷ ከዘመቻው የተመለሰችው ታማ ነበር። በጦር ሜዳ የያዛት ትኩሳት ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አልለቀቃትም፤ ለብዙ ዓመታት አልጋ ላይ አዋላት። ሕመሙ በዓይን የሚታይ ቁስል ስላልነበረው የተጠራጠሯትም ነበሩ።

እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ አንዱ ቶሎ ከማይለቅ ሕመም ጋር የምትኖሩ ከሆነ የእርሷ ታሪክ ይጠቅማችኋል። እርሷን ይዟት ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚታመነው በሽታ ዛሬ በኢትዮጵያም ይገኛል። ደግነቱ መከላከልም ማከምም ይቻላል። በጽሑፉ መጨረሻ ስለ በሽታው ማወቅ ያለብዎትን እናነሣለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ) ናቸው።

ከዘመቻው በፊት

ፍሎረንስ የተወለደችው በ1820 በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ነው፤ ስሟም የወጣው በከተማዋ ስም ነው። ወላጆቿ ሀብታም እንግሊዛውያን ነበሩ። አባቷ ዊልያም እርሷንና ታላቅ እህቷን ፓርተኖፔን ራሱ ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያስተምራቸው ነበር። ፍሎረንስ ሒሳብ በጣም ትወድ ነበር። በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። አገልግሎቱ ሕሙማንን መርዳት መሆኑን የተረዳችው ግን ቀስ በቀስ ነው።

ቤተሰቧ ይህን አልፈቀደላትም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሆስፒታል የሚተኛው ድሃ ነበር፤ ሀብታም ሲታመም ሐኪም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ነርስነትም ለጨዋ ልጅ የማይገባ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፍሎረንስ ከቤተሰቧ ጋር ለዓመታት ስትከራከር ቆይታ በ1851 ወደ ጀርመን አገር ሄደች፤ በዚያም ካይዘርስቨርት በተባለ ስፍራ ሦስት ወር ያህል ሠለጠነች። በ1853 ደግሞ ለንደን ውስጥ የአንዲት አነስተኛ የሴቶች ሕክምና ቤት ኃላፊ ሆነች።

በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጎን ተሰልፈው ከሩስያ ጋር ጦርነት ገጠሙ። ዋናው ውጊያ የተካሄደው በጥቁር ባሕር ሰሜን ባለው በክራይሚያ ምድር ነው። የእንግሊዝ ጦር ቁስለኞቹንና በሽተኞቹን በመርከብ ባሕሩን አሻግሮ ስኩታሪ ወደሚባል ቦታ ያመጣቸው ነበር። ስኩታሪ ዛሬ ኡስኩዳር የሚባለው የኢስታንቡል ክፍል ነው። በዚያ አንድ ትልቅ የቱርክ ጦር ሰፈር ሆስፒታል እንዲሆን ተሰጥቶ ነበር።

በሆስፒታሉ ያለው ችግር በለንደን ጋዜጦች ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ። በመንግሥት ውስጥ የጦሩን ጉዳይ ከያዙት ሚኒስትሮች አንዱ የነበረው ሲድኒ ኸርበርት የፍሎረንስ ወዳጅ ነበር። እርሱ ባቀረበላት ጥያቄ 38 ሴቶች ይዛ ተነሣች፤ ስኩታሪ የደረሰችውም ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ነው። ያን ጊዜ 34 ዓመቷ ነበር።

የመጀመሪያው የብርድ ወራት

ከጦር ሜዳ ከሚመጡት ወታደሮች ብዙዎቹ በጥይት የተመቱ አልነበሩም። የያዛቸው ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ተስቦና የምግብ እጥረት ነበር፤ ብርዱ እግራቸውን የጎዳቸውም ነበሩ። ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ንጹሕ ልብስ አልነበረም። በሕንጻው ሥር ያለው የፍሳሽ ማስወገጃ ተደፍኖ ነበር። የታመመው ወታደር ወደ ሆስፒታሉ ከመጣ በኋላ ሌላ በሽታ ይጨመርበት ነበር።

በፌብሩዋሪ 1855 በሆስፒታሉ የነበረው የሞት መጠን ከመቶ 42 ያህል ደረሰ። በማርች ከእንግሊዝ የንጽሕና ባለሙያዎች ቡድን ተላከ። እነርሱም የተደፈነውን ፍሳሽ ከፈቱ፤ የሞቱ እንስሳትን ከውኃ መስመሩና ከግቢው አወጡ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፤ ንጹሕ አየር እንዲገባም መስኮቶችን አስከፈቱ። በጁን የሞት መጠኑ ወደ 2 ከመቶ ወረደ።

ይህ ለውጥ በአዲስ መድኃኒት የመጣ አልነበረም። ዛሬ የምናውቃቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በዚያ ዘመን አልነበሩም። ልዩነቱን ያመጡት ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ አየር፣ በአግባቡ የሚወገድ ቆሻሻ፣ የታጠበ ልብስና የሚበላ ምግብ ናቸው።

ትኩሳቱ ሲይዛት

የስኩታሪው ሆስፒታል መልክ ሲይዝ ፍሎረንስ በጦር ሜዳው አቅራቢያ ያሉትን ሆስፒታሎች ለማየት በሜይ 1855 ወደ ክራይሚያ ተሻገረች። ባላክላቫ ወደሚባለው ወደብ በደረሰች በቀናት ውስጥ ወደቀች። ወታደሮቹ የክራይሚያ ትኩሳት የሚሉት በሽታ ነበር የያዛት። ከወደቡ በላይ ኮረብታ ላይ ወዳለው ሆስፒታል በቃሬዛ አወጧት። ሁለት ሳምንት ያህል በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች። እንደ ዘመኑ ልማድ ትኩሳቱ እንዲቀንስ ተብሎ ፀጉሯ ተቆረጠ።

ሐኪሞቹ ወደ እንግሊዝ እንድትመለስ መከሯት፤ እርሷ ግን እምቢ አለች። በመርከብ ወደ ስኩታሪ ተመልሳ ጥቂት ካገገመች በኋላ ሥራዋን ቀጠለች። ያው ዓመት ሳያልቅ እንደገና ወደ ክራይሚያ ሄደች፤ በዚያም ከወገቧ እስከ እግሯ በሚወርድ ከባድ ሕመም ሆስፒታል ገባች። በዚያን ጊዜ ሁለቱን ሕመሞች ያያያዘ ሰው አልነበረም። ትኩሳቱ አለፈ፤ የወገብ ሕመሙ ደግሞ ሌላ ነገር መሰለ።

ውጊያው ጸጥ ካለ በኋላ የነበረው የዕለት ሥራ

በሴፕቴምበር 1855 የሩስያ ምሽግ የነበረችው ሴባስቶፖል ወደቀች። ትልቁ ውጊያ በዚህ አበቃ፤ ሰላሙ ግን ገና አልተፈረመም። ጦሩም ባለበት ሰፍሮ ቆየ። የቁስለኛው ቁጥር ቀነሰ። አሁን ሌላ ችግር መጣ፤ ሥራ የፈታ ወታደር፣ ናፍቆትና መጠጥ።

ብዙ መኮንኖች ወታደሩ ከመጠጥ በቀር ሌላ ነገር እንደማይፈልግ ያምኑ ነበር። ፍሎረንስ ግን ሌላ አማራጭ ሰጥተን እንየው አለች። ለሚያገግሙት የንባብ ክፍል ከፈተች፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የመጻፊያ ወረቀትና የቤት ውስጥ ጨዋታዎች ከእንግሊዝ አስመጣች። አልኮል የማይሸጥበት ቡና ቤት ተከፈተ። ማንበብና መጻፍ ለሚፈልጉም ትምህርት ተጀመረ።

ከሁሉ በላይ ሰሚ ያጣው ጉዳይ ደመወዝ ነበር። ወታደሩ ገንዘቡን ለእናቱ ወይም ለሚስቱ የሚልክበት አስተማማኝ መንገድ ስላልነበረው ብዙው በመጠጥ ያልቅ ነበር። ፍሎረንስ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ የወታደሮቹን ገንዘብ እየተቀበለች፣ ስምና አድራሻ እየመዘገበች በእንግሊዝ ባሉ ዘመዶቿ በኩል ለየቤተሰቡ ታደርስ ጀመር። በኋላ መንግሥት ራሱ ገንዘብ መላኪያ ቢሮዎች ከፈተ። ጥቂት ወራት ባልሞላ ጊዜ 71 ሺህ ፓውንድ ያህል ወደ እንግሊዝ ተላከ። ርቆ ሠርቶ ለቤተሰቡ የሚልክ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተስፋ የተቆረጠባቸው ወታደሮች መንገዱን ሲያገኙ ቤታቸውን አስታወሱ።

ማታ ማታ ደግሞ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ልጁ የሞተበት አባት ወይም ባሏ የሞተባት ሚስት ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት የምትነግራቸው እርሷ ነበረች። የሟቹን ጥቂት ንብረትም አብራ ትልክላቸው ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ፣ የነርሶቹን ጉዳይና የስጦታውን ሒሳብ የምትይዘውም ራሷ ናት።

ሥራው ከአቅሟ በላይ ሲሆን አክስቷ ሜሪ ስሚዝ፣ በቤት ስሟ አክስት ማይ፣ ከእንግሊዝ ድረስ መጥታ አብራት ተቀመጠች። አክስቷ ነርስ አልነበረችም። ደብዳቤ ትገለብጥላት፣ እንግዳ ትቀበልላት፣ ምግብ መብላቷን ትከታተል ነበር። እርስዎ ታማሚ የሚያስታምሙ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ፤ አስታማሚም አስታማሚ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻዎቹ አራት ወራት

በማርች 1856 መጨረሻ ፍሎረንስ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ክራይሚያ ሄደች። ለጦሩ ስንቅና ዕቃ የሚያመላልሰው ክፍል ሆስፒታሎች ነርስ ጠይቀው ነበር። እርሷ በደረሰች በሳምንቱ ውስጥ፣ ማርች 30 ቀን፣ የሰላሙ ውል ፓሪስ ላይ ተፈረመ።

ጦርነት ሲያበቃ ሁሉም ወዲያው ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስለን ይሆናል። ለወታደሩ እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ ለሆስፒታሉ ግን አይደለም። ሊነሣ የማይችል በሽተኛ እስካለ ድረስ ነርሷም ትቆያለች። የጦሩ ድንኳኖች እየተነቀሉ፣ መርከቦች በየቀኑ ወታደር እየጫኑ ሲሄዱ ኮረብታው ላይ ያሉት የእንጨት ሆስፒታሎች ግን ሥራቸውን ቀጥለው ነበር።

የፍሎረንስ ውሎ በእነዚህ ሆስፒታሎች መካከል መመላለስ ሆነ። ሆስፒታሎቹ የተራራቁ ናቸው፤ መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረዶም ነበረ። በፈረስ መሄድ ሲያደክማት በበቅሎ ጋሪ ትሄድ ጀመር፤ ጋሪው ሲገለበጥ አንድ መኮንን ሽፋን ያለው ሠረገላ ሰጣት። ከስንቅ ሹሞቹ ጋር በነበረው አለመግባባት ምክንያት አብረዋት ለመጡት ሴቶች ቀለብ ለቀናት ሳይሰጥ ቀረ። እርሷ ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል ገምታ ምግብ ይዛ መጥታ ስለነበር አልተራቡም።

በዚያ የብርድ ወቅት የፈረንሳይ ሆስፒታሎች በተስቦ እጅግ ተጎድተው ነበር። በእንግሊዝ ጦር በኩል ግን የሞት ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ልዩነቱ የንጽሕና መሆኑን ፍሎረንስ በዓይኗ አየች።

ከዚያ መዝጋቱ ተጀመረ። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ነርሶቹ በቡድን በቡድን ወደ አገራቸው ሲላኩ ፍሎረንስ የእያንዳንዷን ሥራና ጠባይ መዝግባ ያዘች፤ መውደቂያ ለሌላቸውም መላ ለመፈለግ ጣረች። አብረዋት ከመጡት መካከል በበሽታ ሞተው እዚያው የተቀበሩም ነበሩ። የተረፈው ብርድ ልብስ፣ ሸሚዝና መድኃኒት ተቆጥሮ ተከፋፈለ።

ፍሎረንስ ከክራይሚያ ወደ ስኩታሪ ተመለሰች። ጁላይ 16 ቀን 1856 የመጨረሻው በሽተኛ ከሆስፒታሉ ወጣ። ከ20 ወራት በፊት መርገጫ የሌለው ኮሪደር አሁን ባዶውን ቀረ። እርሷም ጁላይ 28 ቀን መርከብ ተሳፈረች።

ወደ ቤት መመለስ

መንግሥት በጦር መርከብ ሊመልሳት አስቦ ነበር፤ እርሷ አልተቀበለችም። በእንግሊዝ አገር ከተሞች ለአቀባበሏ ሲዘጋጁ እርሷና አክስቷ ስሚዝ በሚለው ስም ተመዝግበው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተጓዙ። በፈረንሳይ በኩል ለንደን ገባች። ኦገስት 7 ቀን ባቡር ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ወደ ደርቢሻየር ሄደች፤ ከጣቢያው ቤቷ ድረስም በእግሯ ተጓዘች።

ከዘመቻው ወደ ቤተሰቧ የተላኩ ሌሎችም ነበሩ። አንድ እግሩን ያጣ ልጅ፣ ወላጅ የሌለው ሩስያዊ ልጅና ከክራይሚያ የመጣ ቡችላ።

ቤተሰቧ ያየው የመነመነችና የደከመች ሴት ነበር። በግል ማስታወሻዋ የሞቱትን ወታደሮች መርሳት እንዳልቻለች ጽፋለች። ከእንግሊዝ ጦር በዚያ ጦርነት 21 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ 16 ሺህ የሚሆኑት የሞቱት በበሽታ ነው። አብዛኛው ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ማወቋ ዕረፍት ነሣት።

በሴፕቴምበር ንግሥት ቪክቶሪያን አግኝታ ያየችውን ነገረቻት። በ1857 የጦሩን ጤና የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፍሎረንስም ከጀርባ ሆና ማስረጃውን አዘጋጀች። ዊልያም ፋር ከተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር የሟቾቹን ቁጥር መረመረች፤ ሚኒስትሮች በቀላሉ እንዲረዱትም በቀለም በተለየ ክብ ሥዕል አቀረበችው። መጀመሪያ ላይ ዋናው ገዳይ የምግብና የዕቃ እጥረት ይመስላት ነበር። የቆሻሻው ድርሻ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ቁጥሮቹ አሳዩአት።

ያላበቃው ሕመም

በኦገስት 1857፣ ከተመለሰች ልክ በዓመቱ፣ ፍሎረንስ እንደገና ወደቀች። ልቧ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ምግብ ያስጠላታል፤ አቅም ታጣለች። ያን ጊዜ ሞቷ የቀረበ መስሏት ነበር። በ1861 መጨረሻ ደግሞ የከፋው መጣ። አከርካሪዋን እጅግ ስላመማት መራመድ አቃታት። ለስድስት ዓመታት ያህል ከአልጋ አልተነሣችም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዛወር እንኳ ሰው ይሸከማት ነበር።

ሐኪሞቿ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ነርቭ ነው ይሉ ነበር። ከሞተች በኋላም ታሪኳን ከጻፉት አንዳንዶቹ ሥራዋን ለመሥራትና ሰው ለመሸሽ ስትል ያመመች መስላለች እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህ ለእርስዎ አዲስ ላይሆን ይችላል። ምርመራው ምንም አላሳየም የተባለ፣ ፊቱ ደህና ስለመሰለ ሰው ያላመነው ታማሚ በየቤቱ አለ።

ፍሎረንስ ያላትን ጥቂት አቅም ቆጥባ መጠቀም ተማረች። እንግዳ የምታነጋግረው አንድ በአንድ፣ አስቀድሞ በተቀጠረ ሰዓት ነበር። ብዙ ጉልበት የሚጠይቀውን ስብሰባና ግብዣ ተወች፤ በአልጋዋ ሆና ልትሠራው የምትችለውን ያዘች። በ1859 ቤት ውስጥ ታማሚ ለሚያስታምሙ ሰዎች ስለ ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ምግብ፣ ጸጥታና ንጽሕና የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች። በ1860 ሕዝቡ በስሟ ባዋጣው ገንዘብ በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለ ሆስፒታል አሠራርና በሕንድ ስላለው ጦር ጤናም ጻፈች። ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ሕመሟ ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ ቀለለ። በእርጅናዋ የዓይኗ ብርሃን ደከመ። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ በመኖሪያ ቤቷ ዐረፈች። ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር እንድትቀበር ተጠይቆ ነበር፤ ዘመዶቿ ግን አልፈቀዱም። በገጠር ቤተ ክርስቲያን በወላጆቿ አጠገብ ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ የስሟ ሁለት የመጀመሪያ ፊደሎችና የተወለደችበትና የሞተችበት ጊዜ ብቻ ተጽፎአል።

በሽታው ምን ነበር?

እ.ኤ.አ በ1995 አንድ ተመራማሪ የሕመሟን ታሪክ ከመጀመሪያው ትኩሳት እስከ መጨረሻው መርምሮ በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ወገብን የሚይዝ ሕመም፣ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ድካም፣ የመንፈስ ጭንቀትና ለዓመታት መቆየቱ ብሩሴሎሲስ ከሚባለው በሽታ ጋር ይስማማል የሚል ነው ግኝቱ። በዘመኗ የደም ምርመራ ስላልነበረ ይህን በእርግጠኝነት ማረጋገጥ አይቻልም። ሌላ ምክንያት የሚያቀርቡ ባለሙያዎችም አሉ። ነገር ግን ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው።

ብሩሴሎሲስ የማልታ ትኩሳትም ይባላል። ስሙን ያገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ካለችው ከማልታ ደሴት ነው፤ በዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በብዛት ይታመሙበት ነበር። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም ተህዋሲውን ለየ። በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክለስ ዛሚት በሽታው በፍየሎች ውስጥ እንዳለ ደረሰበት። ፍየሎቹ ግን የታመሙ አይመስሉም ነበር። ወታደሮቹ የፍየል ጥሬ ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ በሽታው በጦሩ ውስጥ በአጭር ጊዜ እጅግ ቀነሰ። ፍሎረንስ ባላክላቫ ላይ በታመመች ጊዜ ይህ ከመታወቁ በፊት 50 ዓመት ይቀረው ነበር።

እርስዎ ማወቅ ያለብዎት

ብሩሴሎሲስ በኢትዮጵያ በከብት፣ በፍየል፣ በበግና በግመል ላይ ይገኛል። ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በእነዚህ መንገዶች ነው፦

• ያልፈላ ወተት በመጠጣት፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና የመሳሰለውን በመመገብ
• እንስሳ ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ ያለ ጓንት በመርዳት፣ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ በመንካት
• በዕርድ ጊዜ ደምና የውስጥ አካል በተቆረጠ ወይም በተላጠ እጅ በመንካት
• በደንብ ያልበሰለ ሥጋ በመመገብ

ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ስለዚህ ታማሚውን ማግለል አያስፈልግም።

ምልክቶቹ በበሽታው ከተያዙ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። የተለመዱት የሚከተሉት ናቸው፦

• እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ በተለይ ማታ የሚያጠምቅ ላብ
• የወገብ፣ የዳሌና የመገጣጠሚያ ሕመም
• ዕረፍት የማያስለቅቀው ድካም
• የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ
• ራስ ምታትና የመንፈስ ጭንቀት
• በወንዶች ላይ የፍሬ ማበጥ

እነዚህ ምልክቶች ከወባ፣ ከታይፎይድና ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይመሳሰላሉ። ለእነዚህ በሽታዎች ታክመው ትኩሳቱ ደጋግሞ ከተመለሰብዎ ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነ፣ ከብት ያረቡ እንደሆነ፣ በቅርቡ እንስሳ አዋልደው እንደሆነ ያስረዱ። ይህን አንድ መረጃ መስማቱ ሐኪሙ ትክክለኛውን የደም ምርመራ እንዲያዝ ይረዳዋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሳይዘገዩ ይታዩ፤ በሽታው ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ሕክምናው አለ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አብረው ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ይሰጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሲሻለው መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ በሽታውም ተደብቆ ቆይቶ ይመለሳል። የታዘዘልዎትን ይጨርሱ።

መከላከያው ቀላል ነው። ወተቱን ያፍሉ። እንስሳ ሲያዋልዱ ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ። ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከብቶችዎ የሚጨነግፉ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ለቤተሰብና ለአስታማሚ

ቤትዎ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ካለ ከፍሎረንስ ሕይወት እነዚህን ይውሰዱ።

አንደኛ፣ ሕመሙ ባይታይም ታማሚውን ይመኑት። ምክንያቱ አለመታወቁ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የእርሷ ሕመም የተለየ ስም ያገኘው ከሞተች ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉልበትን እንደ ገንዘብ መቁጠር ስንፍና አይደለም። ጠያቂ በዛ ብሎ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ታማሚው እንዳይደክም ሰዓት ቢወስኑለት ነውር የለውም። ዘመድ ቢቀየም እንኳ ቀስ አድርገው ያስረዱት።

ሦስተኛ፣ ክፍሉ አየርና ብርሃን ይግባበት። አንሶላው ይታጠብ፤ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ይሁን። በስኩታሪ የሞት ቁጥርን ያወረዱት እነዚህ ናቸው፤ በእርስዎም ቤት ያለ ብዙ ወጪ ሊደረጉ ይችላሉ።

አራተኛ፣ እርስዎ አስታማሚው ብቻዎን አይሸከሙት። ወረቀት የሚያመላልስ፣ ወጥ የሚሠራ፣ ሌሊት የሚተካዎት ሰው ይጠይቁ። ማስታመሙ ካበቃ በኋላም ለራስዎ ጊዜ ይስጡ። ድካሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ያዩት ነገር ከፊትዎ አለመጥፋቱ ለሳምንታት ከቆየብዎ ራስዎም ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የመጨረሻው በሽተኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ የነርሷ ሕመም እንዳላበቃ አይተዋል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የወገብ ሕመም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ።